ከልኬቱ በኋላ ምን ሆነ?

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። ሲስተር በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ለረጅም ዘመን ያገለገሉ ነርስ ናቸው። ገምጋሚው ፋብሪካው የጀመረውን የሠራተኞች የጤና ምርመራና የጤናማ አኗኗር ፕሮግራም እንዲመዝን የተጠራ ወጣት የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ነው። ፋብሪካው በምናብ የቆመ ነው፤ የሚጠቀሱት ጥናቶችና ሕጎች ግን በእውን ያሉ ናቸው።

ሲስተር፦ ሪፖርቱን አንብበህ ጨረስክ?

ገምጋሚው፦ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ሲስተር። ብዙ ተለፍቶበታል። ስንት ሰው እንደተመረመረ፣ ስንት ሰው ስለ አመጋገብ የተሰጠውን ትምህርት እንደተከታተለ፣ ስንቱ «ረክቻለሁ» ብሎ እንደሞላ፣ ሁሉም በሰንጠረዥ ተቀምጧል። ፈልጌ ያጣሁት አንድ ነገር ነው። ግፊቱ ወይም ስኳሩ ከፍ ብሎ የተገኘው ሰው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?

ሲስተር፦ እሱን የጠየቀኝ የለም። ቅጹም ላይ ቦታ አልነበረውም። ለያንዳንዳቸው ወረቀት ጽፈን ሰጠን፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ አልን። የሄደ ሄደ፣ የቀረ ቀረ። ግን ልጄ፣ ከዚህ ፕሮግራም በፊት የነበረውን አንተ አላየኸውም። እዚህ ክሊኒክ ሰው የሚመጣው ጣቱን ማሽን ሲይዘው ወይ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ነበር። ዓመታት ሙሉ ግፊት ተሸክሞ የሚሠራ፣ ራስ ምታቱን በማሽኑ ድምፅ የሚያሳብብ ስንቱ ነበር። አሁን ቢያንስ አወቁ። ማወቅ ቀላል ነገር ነው?

ገምጋሚው፦ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው ግምት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆነ ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን ያህሉ የደም ግፊት አለባቸው፤ ከእነዚህ 46 በመቶዎቹ አያውቁትም። እስከዚህ ድረስ የእርስዎ ሐሳብ ትክክል ነው። ግን ያው ግምት ይቀጥልና፣ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው 21 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው ይላል። እንግዲህ ያሰሉት። ከመቶ 54ቱ ያውቃሉ፤ የወረደላቸው 21 ናቸው። ካወቁት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት አውቀውም ከአደጋው አልወጡም። የእናንተ ሪፖርት የሚያበቃው እዚያ «አወቁ» የሚለው ላይ ነው።

ሲስተር፦ አስተዳደሩ የያዘው ማስረጃ ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙን የተከታተሉት የወሰዱት የሕመም ፈቃድ ካልተከታተሉት በግልጽ ያነሰ ነው። ካርዶቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ውሸት የለውም።

ገምጋሚው፦ ልዩነቱን አልክድም። የምጠራጠረው ምክንያቱን ነው። መጀመሪያ የተመዘገቡት እነማን ነበሩ?

ሲስተር፦ የቢሮዎቹ ናቸው። ሒሳብ ክፍል፣ ጥራት ቁጥጥር፣ ንድፍ ክፍል። ከማሽን ላይ የመጡት ደግሞ ወጣቶቹ፣ ኳስ የሚጫወቱት። የማታ ፈረቃ ብዙም አልመጣም። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ጠዋት ተሰልፎ ደም ይስጥ ማለት ይከብዳል።

ገምጋሚው፦ እነዚያ ወጣቶች ፕሮግራሙ ባይኖርስ ብዙ ይታመሙ ነበር?

ሲስተር፦ አይመስለኝም። ከበፊቱም ክሊኒክ የማይረግጡ ናቸው።

ገምጋሚው፦ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ይህንን ጉዳይ አጥርተው ያሳዩት ዴመን ጆንስ፣ ዴቪድ ሞሊተርና ጁሊያን ራይፍ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ 4,834 ሠራተኞችን መዝግበው በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። 3,300ዎቹ ወደ ጤና ፕሮግራሙ ተጋበዙ፤ 1,534ቱ አልተጋበዙም። ፕሮግራሙ ከእናንተው ጋር ይቀራረባል። መጀመሪያ የግፊት፣ የክብደትና የደም ልኬት አለ፤ ቀጥሎ ስለ አኗኗር መጠይቅ፤ ከዚያ ስፖርት፣ ጭንቀት፣ ሲጋራ ማቆም የመሳሰሉት ላይ የሚሰጥ ትምህርት። ለሚመረመር ሰው ገንዘብም ይሰጡ ነበር። ያለ ክፍያ ከመቶ 47ቱ ተመረመሩ፤ 100 ዶላር ሲባል 59 ሆኑ፤ 200 ሲባል 63 ብቻ። ክፍያው እጥፍ ቢሆንም የቀረው ሰው እንደቀረ ነው።

ሲስተር፦ ዕጣው ለምን አስፈለገ?

ገምጋሚው፦ ዕጣ ለብርቱም ለደካማም አያዳላም። ሁለቱ ወገኖች ሲጀመር ተመሳሳይ ስለሚሆኑ በኋላ ጎልቶ የሚወጣ ልዩነት ካለ የፕሮግራሙ ነው ለማለት ያስደፍራል። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ትልቁ ነገር ግን በአንድ መረጃ ላይ ሁለት ዓይነት ስሌት መሥራታቸው ነው። በመጀመሪያው እንደ እናንተ አስተዳደር የተሳተፈውን ካልተሳተፈው አነጻጸሩ። ተሳታፊዎቹ የሕክምና ወጪያቸው ያነሰ፣ ወደ ግቢው ስፖርት ቤት የሚመላለሱ፣ በከተማው የጎዳና ሩጫ የሚካፈሉ ሆነው ተገኙ። በሁለተኛው ስሌት የተጋበዙትን ሁሉ፣ የመጣውንም የቀረውንም አንድ ላይ አድርገው፣ ካልተጋበዙት ጋር አነጻጸሩ። ልዩነቱ ጠፋ። ስፖርት ቤት የሚሄደው ሰው ከፊትም ይሄድ ነበር፤ ወጪው ያነሰውም ፕሮግራሙ ሳይጀመር ያነሰ ነበር።

ሲስተር፦ ጨርሶ ምንም አላመጣም?

ገምጋሚው፦ እንዲያ አልልም። በመጀመሪያው ዓመት ተመርምሮ የሚያውቅ ሰው በረከተ፤ አሠሪዬ ለጤናዬ ቦታ ይሰጣል የሚልም ጨመረ። እስከ ሁለተኛው ዓመት ሲከታተሉ ደግሞ ቋሚ ሐኪም አለኝ የሚለው ሰው በዝቶ አገኙት። ክብደት፣ ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ የሕክምና ወጪ፣ ከሥራ መቅረት ላይ ግን የሚጨበጥ ለውጥ አልታየም።

ሲስተር፦ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ነዋ። የተማረ ነው፤ ሐኪም ቤቱም ቅርቡ ነው። ዕቃ የሚያነሳና የሚጥል ሰው እንደነሱ አይደለም።

ገምጋሚው፦ ልክ ነዎት፤ ሌሎችም ይህንኑ ጠይቀዋል። ቢጄስ የሚባል የጅምላ መደብር አለ፣ እዚያው አሜሪካ። ሠራተኞቹ ሸቀጥ የሚደረድሩ፣ ሒሳብ የሚቀበሉ፣ ሥጋ የሚቆርጡ ናቸው። ዚሩይ ሶንግና ካትሪን ቤከር ከ160 የሥራ ቦታዎች 20ውን በዕጣ መርጠው ፕሮግራሙን አስገቡ። በጠቅላላው 32,974 ሠራተኞች ነበሩ። ከ18 ወራት በኋላ ፕሮግራሙ ባለበት ቦታ አዘውትሬ ስፖርት እሠራለሁ የሚለው ሰው በ8.3 የመቶኛ ነጥብ በለጠ፤ ክብደቴን እየተቆጣጠርኩ ነው የሚለው በ13.6 በለጠ። ግፊቱ፣ ኮሌስትሮሉ፣ ክብደቱ ራሱ ሲለካ ግን ልዩነት የለም። ወጪውም ከሥራ መቅረቱም እንደነበረ ነው። ስለ ጤና ማውራት ጨምሯል፤ ሰውነት ግን አልተለወጠም።

እኔን ከሁሉም የሚያስገርመኝ የካትሪን ቤከር ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 እሷ፣ ዴቪድ ከትለርና ይኸው ሶንግ እስከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው፣ በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ላይ የወጣ አንድ ዶላር የሕክምና ወጪን በ3.27 ዶላር ይቀንሳል፣ ከሥራ መቅረት የሚያስከትለውንም ኪሳራ በ2.73 ይቀንሳል ብለው አሳተሙ። ያ ቁጥር የአሠሪዎች ሁሉ መፈክር ሆነ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የተለየ ውጤት ያወጣው ፈተና የራሷና የባልደረባዋ ነው። የተሻለ ዘዴ ስታገኝ ስሟ የታወቀበትን ቁጥር ለፈተና አቀረበችው። ለሙያው ያላት ታማኝነት ይህ ነው፤ እኔም ለእናንተ ሪፖርት የምመኘው እንዲህ ያለውን ነው።

ሲስተር፦ ስማኝ ልጄ። አንተ ወረቀት ይዘህ መጥተሃል፤ እኔ ሰው ይዤ ነው የምነግርህ። ባለፈው ዓመት አንዲት የሽመና ማሽን ሠራተኛ ግፊቷ ከ200 በላይ ሆነ። ሁለቴ ለካሁ፣ ሦስቴ ለካሁ። እሷ ምንም አልተሰማትም፤ ማሽኔ ቆመ፣ ልሂድ ትለኛለች። እጇን ይዤ፣ የፈረቃ ኃላፊዋን ለምኜ፣ በፋብሪካው መኪና ሆስፒታል አደረስኳት። መድኃኒት ተጀመረላት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠርቼ ለካኋት፤ ከዚያም በየጊዜው። ዛሬ ማሽኗ ላይ ናት። ልጆቿን ታሳድጋለች። ይህን በየትኛው ስሌትህ ውስጥ ታገባዋለህ? ፕሮግራሙ አይጠቅምም ብለህ ብትጽፍና ቢዘጋ፣ ቀጥላ የምትመጣዋን ማን ያገኛታል?

ገምጋሚው፦ ይዘጋ ብዬ አልጽፍም። ግን ልጠይቅዎ። ሴትዮዋን ይዘው ሆስፒታል መሄድ በፕሮግራሙ ሰነድ ውስጥ አለ?

ሲስተር፦ የለም።

ገምጋሚው፦ መልሶ መጥራቱስ?

ሲስተር፦ እሱም የለም። የኔው ነው።

ገምጋሚው፦ እንግዲህ ያዳናት ሰነዱ ላይ የሌለው ነው። ሰነዱ ልኬቱን ይዟል፤ ከልኬቱ ወዲያ ያለውን እርስዎ ሞሉት። እርስዎ በእጅዎ የሠሩት ደግሞ በሌላ አገር በዕጣ ተፈትኗል። በሎስ አንጀለስ ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች የሚያዘወትሯቸው 52 ፀጉር ቤቶች ተመረጡ፤ ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ደንበኞችም ተመዘገቡ። በከፊሎቹ ፀጉር ቤቶች ቆራጩ ስለ አኗኗር ይመክራል፣ ሐኪም ጋ ሂድ ይላል። በቀሩት ፋርማሲስት እዚያው ፀጉር ቤቱ ድረስ ይመጣል፤ ከደንበኛው ሐኪም ጋር ተስማምቶ መድኃኒት ያዛል፣ ይለካል፣ መጠኑን ያስተካክላል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። በስድስት ወር ውስጥ ፋርማሲስቱ ባለበት የላይኛው ግፊት በአማካይ 27 ወረደ፤ ምክር ብቻ በነበረበት 9.3።

ሲስተር፦ ሃያ ሰባት! ያ ሰውን ከሞት መንገድ መመለስ ነው።

ገምጋሚው፦ አዎ። ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒቱ ሰውዬው ያለበት ቦታ ድረስ መምጣቱ ነው። የኛ ሠራተኛ ግን ወረቀት ይዞ ሲወጣ ምን ይገጥመዋል?

ሲስተር፦ እኔ ልንገርህ። መጀመሪያ የፈረቃ ኃላፊው ይፈቅድለታል ወይ? ቢፈቅድለት የዕለቱ የምርት ጉርሻ ይቀርበታል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ካርድ አውጥቶ ወረፋ ይጠብቃል፤ ቀኑ ያልቃል። መድኃኒቱ እዚያ ከጠፋ ከግል መድኃኒት ቤት ይገዛል። የመጀመሪያውን ወር ይገዛል። ምንም አላመመኝም ብሎ ሁለተኛውን ወር ይዘለዋል። የቤት ኪራይ ሲደርስ ሦስተኛው ይቀራል። የግፊቱ መድኃኒት አምሎዲፒን ውድ ሆኖ አይደለም፤ ሕመም ለማይሰማው ሰው ማንኛውም ወጪ ይከብዳል።

ገምጋሚው፦ ለተቀጣሪዎች የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድንም አዋጁ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ለረጅም ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። ስለዚህ ሸክሙ የሠራተኛው ኪስ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው የዊልሰንና የዩንግነር ሰነድ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት መሟላት ያለባቸውን ይዘረዝራል። አንደኛው፣ ለተገኘው ሰው ማረጋገጫና ሕክምና ዝግጁ ይሁን የሚል ነው። ሕክምና ሳያዘጋጁ በሽታ መፈለግ ሰውን ጭንቀት አስይዞ መሸኘት ነው። ባለፈው ዓመት ወረቀት ይዘው የተሸኙት ሰዎች ዝርዝር አለ?

ሲስተር፦ ካርድ ክፍል ቆልፌበታለሁ።

ገምጋሚው፦ የግምገማው የመጀመሪያ ሥራ እነሱን መፈለግ ይሁን። ሄዱ ወይ፣ ምን ተባሉ፣ ዛሬ ጠዋት መድኃኒት ወስደዋል ወይ፣ ካልወሰዱ ምን ከለከላቸው፣ የዛሬ ልኬታቸውስ ስንት ነው። ያላገኘናቸውን ደግሞ ከስሌቱ አናወጣቸውም። አልተገኙም ተብለው በቁጥር ይቀመጡ።

ሲስተር፦ ነገ ከጠዋቱ ፈረቃ እጀምራለሁ። ግን ሪፖርቱ ላይ ከፍ ብሎ የተገኘው ግፊት በሁለተኛው ልኬት እንደወረደ ተጽፏል። እሱንስ አትቀበለውም?

ገምጋሚው፦ በጥንቃቄ ነው የማየው። ግፊት በቀን ውስጥ እንኳ ይወጣል ይወርዳል። ከፍ ባለበት ቀን የተለኩትን ብቻ መርጠን በሌላ ቀን ብንለካቸው፣ ምንም ሳናደርግላቸው የብዙዎቹ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቅድም ምክር ብቻ ባገኙት የፀጉር ቤት ደንበኞች ላይ ወርዶ ያየነው 9.3 አንዱ ምንጩ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ማነጻጸሪያ ባይኖር ኖሮ የምክሩ ፍሬ ነው ተብሎ ይጻፍ ነበር። የአለካኩም ነገር አለ። ሰውየው ደረጃ ወጥቶ እያለከለከ መጣ፣ ቡና ጠጥቶ መጣ፣ ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ መለኪያ ታሰረ፣ እየተለካ ያወራል። ይህ ሁሉ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲለካ ይወርዳል።

ሲስተር፦ በመጀመሪያው ዙር ሰልፉ እስከ በሩ ነበር፤ አምስት ደቂቃ የሚያስቀምጥ ጊዜ አልነበረንም። ሁለተኛው ዙር ላይ ሰው ቀነሰ፣ ተረጋግተን ለካን። አሁን ስትለው ታየኝ። ሌላም ልጨምርልህ። ክብደት ቀነሰ የተባለውን አይተሃል?

ገምጋሚው፦ አይቻለሁ፤ ጥሩ ውጤት ብለው አጉልተውታል።

ሲስተር፦ የመጀመሪያው ልኬት ጥር ላይ ነው። ገና አልፏል፣ ጥምቀት አልፏል፣ ሠርጉ በየቤቱ ነው። ሁለተኛው የሕማማት ሳምንት ላይ ነው። ሁዳዴን 55 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ሳይነካ፣ እስከ ከሰዓት እህል ሳይቀምስ የከረመ ሰው ክብደቱ ቢቀንስ የማን ሥራ ነው? ለሙስሊሞቹም ረመዳን የገባበትን ወር ማየት ነው።

ገምጋሚው፦ ይህን ከውጭ የሚመጣ ገምጋሚ በፍጹም አያገኘውም። ዘንድሮ ሁለቱም ልኬት በአንድ ዓይነት ወቅት፣ ጾም ባልገባበት ይሁን። አለበለዚያም ሁለቱንም ቡድን፣ ፕሮግራሙ የደረሰውንም ያልደረሰውንም፣ በአንድ ሳምንት እንለካ፤ ጾሙ ሁለቱንም እኩል ይነካቸዋል።

ሲስተር፦ አስተዳደሩ ለዘንድሮ ምርመራው ይስፋ ብሏል። ሙሉ ቼክአፕ፤ ካንሰሩንም፣ ልቡንም፣ ጉበቱንም። አንድ የግል ላቦራቶሪ ጥቅል አቅርቧል።

ገምጋሚው፦ በስፋቱ አልስማማም። አንድ ሺህ ሠራተኛ አለ እንበል። ከእነሱ 50ዎቹ የሆነ በሽታ አለባቸው። ምርመራው ከታመመው 90 በመቶውን ይይዛል፤ ከጤነኛው ደግሞ 10 በመቶውን በስህተት ታመሃል ይላል። መጥፎ ምርመራ አይደለም። 45 እውነተኛ ሕሙማን አገኘን። ከ950 ጤነኞች ግን 95ቱን አስደነገጥን። ታመሃል ከተባሉት 140 ሰዎች ከሁለት ሦስተኛው በላይ ጤነኞች ናቸው። አንድ ምርመራ ብቻ ይህን ካደረገ ሃያ ምርመራ በአንድ ቀን ሲጫን ያስቡት። ያ ሰው ማረጋገጫ ፍለጋ ሲዞር ገንዘቡን ይጨርሳል። ዴንማርክ ውስጥ፣ በኮፐንሃገን ዙሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ 59,616 ሰዎችን በዕጣ ለይተው አንደኛውን ወገን ለልብ በሽታ አጋላጭ ነገሮችን መረመሩ፤ ለዓመታትም ስለ አኗኗር መከሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ በልብ ሕመም፣ በስትሮክም ሆነ በሞት ልዩነት አላገኙም። ጥቅል አልቀበልም። ግፊትና ስኳር በደንብ ይለኩ፤ ለተገኘበት ሰው ሕክምናው እስከ ጫፍ ይሂድ። ለጥቅሉ የታሰበው ብር መድኃኒት ይግዛ።

ሲስተር፦ እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ግን አንድ የሚጎድል ምርመራ አለ፤ ከላቦራቶሪው ጥቅልም ውስጥ የለም። ጥጥ ከሚባዘትበትና ከሚፈተልበት ክፍል የሚመጡትን ሰኞ ሰኞ እቀበላለሁ። እሑድ ደህና ውለው፣ ሰኞ ገብተው ጥቂት ሰዓት ሲሠሩ ደረታቸው ይታፈናል። ማክሰኞ ይሻላቸዋል። ዓመታት ሲቆዩ ግን የሚሻላቸው ቀን ያጥራል። የመጀመሪያዎቹ ሲነግሩኝ ብርድ ነው ይሉ ነበር።

ገምጋሚው፦ ቢሲኖሲስ ይባላል። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ ሕመም ነው። ከዕረፍት በተመለሱበት ቀን ደረት መጨነቁ ዋና ምልክቱ ነው። በትንፋሽ መለኪያ፣ ሥራ ሲጀምሩና ፈረቃ ሲጨርሱ አስተንፍሶ ማነጻጸር ይቻላል። በሪፖርቱ ውስጥ ስለ ብናኝ አንድ ቃል የለም።

ሲስተር፦ አይኖርም። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ሠራተኛው ምን ይበላል፣ ያጨሳል ወይ፣ ስፖርት ይሠራል ወይ ነው። ፋብሪካው ምን ያስተነፍሰዋል ብሎ አይጠይቅም። ጨው ቀንስ ብለን እናስተምራለን፤ የካፌው ወጥ ጨዋማ ነው። በቂ እንቅልፍ ተኛ እንላለን፤ ፈረቃውን በየሳምንቱ እናዞራለን። ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ ጭነን ጤናህን ጠብቅ እንለዋለን። ይህ ለዓመታት ሆዴን ሲበላኝ የኖረ ነገር ነው።

ገምጋሚው፦ ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞችን እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ ማስመርመርን የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። ስለዚህ የሳንባው ምርመራ ስጦታ አይደለም፤ ግዴታ ነው። ግምገማው ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይኖረዋል። በየክፍሉ ያለው ብናኝ ይለካ፤ የአየር መሳቢያው ይሠራል ወይ፣ ማጣሪያው መቼ ተቀየረ፣ በማሽን ድምፅ ጆሮ ምን ያህል ተጎድቷል። የካፌው ጨውም ይለካ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፤ አንድ ምሳ ብቻውን ስንቱን እንደሚይዝ እንወቅ።

ሲስተር፦ ይህን ስትጽፍ ይቆጡሃል።

ገምጋሚው፦ ይቆጡ። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ የስም ዝርዝር ጠይቆኛል። ግፊትና ስኳር ያለባቸውን ለይተን እንድንደግፋቸው ነው ብለዋል።

ሲስተር፦ አልሰጥም! ኤችአይቪ በተስፋፋበት ዘመን እዚህ ነበርኩ። ሰው ደሙን ከመስጠት ሥራውን መልቀቅ ይመርጥ ነበር፤ ውጤቱ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል ብሎ። ያንን ፍርሃት ያሸነፍነው ሰዎች ስማቸው እንደማይወጣ በዓይናቸው ሲያዩ ነው። አንድ ዝርዝር ከዚህ ቢሮ ከወጣ ሁለተኛ ክንዱን የሚዘረጋልኝ አይገኝም። ኮንትራቱ ሊያልቅ የተቃረበ ሰው ስኳር አለበት ተብሎ ቢታወቅ የሚሆነውን አንተም እኔም እናውቃለን።

ገምጋሚው፦ አዋጁም ኤችአይቪን አሠሪው ሊያስመረምር ከሚችለው ለይቶ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም የማቀርበው በድምር ብቻ ነው። ከአሥር ያነሰ ሰው ባለበት ክፍል ደግሞ ድምሩም አይወጣም፤ በሦስት ሰው ክፍል አንድ ሰው ስኳር አለበት ማለት ስም መጥራት ነው። የሕመም ፈቃዱን ቁጥርም በዚህ ዓይን ነው የማየው። በሕጉ የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት ግማሽ ያገኛል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። የፈቃድ ቀን ሲቀንስ ጤና ጨመረ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ታሞ የሚሠራ ሰው በዛ ማለትም ሊሆን ይችላል። ፈቃድ መቀነሱን ብቻ ስኬት ካልነው ሰው ሕመሙን እንዲደብቅ እንገፋዋለን።

ሲስተር፦ እሺ። ዘንድሮ እንዴት ይመዘን ትላለህ?

ገምጋሚው፦ ክሊኒኩ ሦስቱንም ፈረቃ በአንድ ጊዜ ሊይዝ አይችልም፤ ትክክል ነኝ?

ሲስተር፦ በፍጹም አይችልም። ሁለት ነርስ ነን።

ገምጋሚው፦ ስለዚህ አንዳንዱ ክፍል አስቀድሞ ሌላው ዘግይቶ መግባቱ አይቀርም። ቅደም ተከተሉን ዕጣ ይወስነው። ቀድመው የገቡትን ገና ካልገቡት ጋር እያነጻጸርን እንሄዳለን፤ በመጨረሻ ሁሉም ይደርሰዋል።

ሲስተር፦ በታመመ ሰው ላይ ዕጣ አልጥልም።

ገምጋሚው፦ አይጣልም። ተራው ባልደረሰ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው አመመኝ ብሎ ከመጣ እንደ ወትሮው ይታከማል። ዕጣው የሚወስነው ክሊኒኩ የትኛውን ክፍል መጀመሪያ ሄዶ እንደሚጠራ ብቻ ነው። ዛሬ የሚወስነው የክፍል ኃላፊዎች ጉልበት ነው፤ ለዚህ ነው ቢሮዎቹ የቀደሙት። የምንመዝነውም አስቀድሞ ተጽፎ ይታሸግ። ዋናው መለኪያ ግፊታቸው ከ140/90 በላይ ሆኖ ከተረጋገጠው መካከል በስድስተኛው ወር ከዚያ በታች የሆኑት ድርሻ ነው። ያልተገኘ ሰው እንዳልወረደለት ይቆጠራል። እርካታና የተሳታፊ ብዛት ከኋላ ይምጡ።

ሲስተር፦ መድኃኒቱ እዚህ ክሊኒክ ይሰጥ፤ ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን ይምጣ። ለክትትል የወጣበት ሰዓት ከጉርሻው አይቆረጥ። እነዚህ ካልተፈቀዱ ግን የምትመዝነው ነገር የለህም፤ የአምናውን ነው የምትደግመው።

ገምጋሚው፦ እነዚህን ሦስቱን እንደ ቅድመ ሁኔታ እጽፋለሁ። ዕጣው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ፈረቃ ሲቀያየር፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ባለበት ይውጣ። ክፍሎቹን ዘርዝሬያለሁ፤ ባዘታ፣ ፈትል፣ ሽመና፣ ማቅለሚያ፣ ስፌት፣ መጋዘን፣ ቢሮ።

ሲስተር፦ ጽዳትና ጥበቃ የሉም።

ገምጋሚው፦ የፋብሪካው ሠራተኞች አይደሉም አሉኝ። በኤጀንሲ ነው የተቀጠሩት።

ሲስተር፦ ከባዘታው ወለል ላይ ብናኙን በየፈረቃው የሚጠርጉት እነሱ ናቸው። የበር ጥበቃው ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያድራል። ግፊታቸውን የለካ ማንም የለም፤ ደመወዛቸው ከሁሉም ያንሳል። እነሱ ዕጣው ውስጥ ካልገቡ እኔ አልፈርምም።

ገምጋሚው፦ ስማቸውን ከየት እናገኛለን? ፋብሪካው ዝርዝራቸውን አልያዘም።

ሲስተር፦ ተቆጣጣሪያቸውን አውቃታለሁ፤ ዛሬ ማታ ከፈረቃ ስትወጣ እጠብቃታለሁ። አንተ ዕጣውን እስከ ሐሙስ አቆየው።